ከኮዬ መስቀል አደባባይ፣ ከለቡ ድሬ፦ የመንገዳችን ካርቦን ስንት ነው?

ባለፈው የታናሽ እህቴ ሰርግ ድሬዳዋ ነበር። ሙሽራው የድሬ ልጅ ነው፣ እማዬም ትውልዷ እዛው ስለሆነ ሰርጉ እዛ ይሁን ተባለ፣ ከዛ ዋናው ጥያቄ መጣ፣ በምን እንሂድ? ቤታችን ኮዬ ፈጬ ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። አንድ ቅዳሜ ከሰአት ቡና ተፈልቶ ዘመድ ተሰብስቦ ይሄንን ስናወራ ነው ነገሩ የተጀመረው። ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እንደ ድሮው በባስ አሉ። ባለቤቴ በመኪናችን እንሂድ አለ። ከአሜሪካ የመጣችው የአክስቴ ልጅ የቀራት ፈቃድ አጭር ስለሆነ ፕሌን መረጠች። እማዬ ደሞ ጉልበቷን እያሸች «እኔ በባቡር ነው የምሄደው» ብላ ቁርጥ አደረገችው።

ክርክሩ መሀል የአክስቴ ልጅ «ቆይ ግን፣ ለአየሩ የሚሻለው የቱ ነው?» አለች። ልጆቿ ትምህርት ቤት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ተምረው ይመጡና ቤት ውስጥ ያፋጥጧታል። ቀጠለችና «ጠዋት ቃሊቲ ላይ የታክሲውና የሲኖትራኩ ጭስ ራሴን አመመኝ፣ እዚህ አገር አየሩን እያበላሸ ያለው ይሄ ሁሉ አሮጌ መኪና ነው» አለች። በክፋት አይደለም፣ በጣም ነው የምንዋደደው፣ ግን ንግግሯ ውስጤ ቀረ፣ ምክንያቱም እኔ በየቀኑ በዛ ታክሲ ነው የምሄደው። ስራዬ ሂሳብ ነው። በዛው ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኬንና ደብተር ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ከዛም በየማታው ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ኪሎ አይሞላም፣ ወደ 750 ግራም ነው። ሲቃጠል ግን 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከ750 ግራም ነገር እንዴት ሁለት ኪሎ ከምናምን ይወጣል ብዬ ደጋግሜ አየሁት። ለካ ነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየር ላይ ኦክስጅን ይይዛል፣ እያንዳንዱ ካርቦን ሁለት ሁለት ኦክስጅን፣ ክብደቱ የሚመጣው ከዛ ነው፣ 12 ግራም ካርቦን 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ናፍጣ ትንሽ ከበድ ስለሚል በሊትር 2.7 ኪሎ ገደማ ነው። (ከዚህ በኋላ በአጭሩ ካርቦን የምለው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ነው።) ይሄን ካወቃችሁ ሌላው ቀላል ነው፣ ስንት ሊትር ተቃጠለ፣ ለስንት ሰው ይካፈላል፣ በቃ።

እንግዲህ ከራሴ መንገድ ጀመርኩ። ከኛ ሰፈር መስቀል አደባባይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ጋቢና ገባሁና ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ይሄ ሃይሩፍ በሊትር ስንት ይሄድልሃል?» አልኩት። «እህቴ መንገዱ ክፍት ከሆነ 9ም 10ም ይሄዳል፣ ሳሪስ ላይ ከተዘጋጋ ግን 7ም አይሞላ» አለኝ። እኔ 8 ብዬ ያዝኩት። 20 ኪሎ ሜትሩ 2.5 ሊትር ናፍጣ ማለት ነው፣ ወደ 6.7 ኪሎ ካርቦን። ሹፌሩንና ረዳቱን ሳልቆጥር ለ12 ተሳፋሪ ሳካፍለው ለአንድ ሰው 560 ግራም አካባቢ ደረሰው። ሌላ ቀን ደሞ አውቶቡስ ያዝኩ፣ ትልቁ አውቶቡስ ለ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ቢበላ እና 80 ሰው ቢጭን (ጠዋት ጠዋት ደሞ ከዛም በላይ ነው የሚጭነው) ለዛው 20 ኪሎ ሜትር ለአንድ ሰው 270 ግራም ይሆናል።

የኛን ቪትዝ ስሰራው ግን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ቪትዝ ነዳጅ አትበላም ነው የሚባለው፣ እውነትም አትበላም፣ ባለቤቴ በከተማ ትራፊክ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ያወጣላታል። ብቻውን ሆኖ ያችኑ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን 3.8 ኪሎ ነው። አንድ ሰው። እኔ በታክሲ ከምለቀው ሰባት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፣ ሁለታችንም ከአንድ ቤት ወጥተን አንድ ቦታ ነው የምንደርሰው! አራት ሰው ቢጫንባት ለአንድ ሰው ወደ 960 ግራም ይወርዳል፣ ይሄን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ የምንይዘው ባጃጅም እንደዛው ነው፣ ሶስት ሰው ጭኖ ሲሄድ ለአንድ ሰው በኪሎ ሜትር 30 ግራም ገደማ፣ ከሃይሩፉ ብዙም አይለይም፣ ኮንትራት ከያዛችሁት ግን ሶስት እጥፍ ብቻችሁን ተሸከማችሁ ማለት ነው።

ስለ ጭሱም ላንሳ፣ ምክንያቱም የአክስቴ ልጅ ያየችው ጭሱን ነው፣ ብዙ ሰውም እንደሷ ነው የሚያስበው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ያ ጥቁሩ ጭስ ጥላሸት ነው፣ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣ። አዲስ አበባ ደሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ያረጀ ሞተር በቂ አየር ሳያገኝ ዳገት ሲወጣ ጭሱን ይተፋዋል። ሳንባ ይጎዳል፣ ጥላሸቱ ራሱም ምድርን የማሞቅ ድርሻ አለው፣ ስለዚህ ማቃለል አልፈልግም፣ አስፋልት ዳር ቁጭ ብለው በቆሎ የሚጠብሱት እናቶች ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የሚተነፍሱት። ግን ከጭስ ማውጫው ምንም የማይታይበት አንጸባራቂ መኪና አንድ ሰው ብቻ ይዞ ሲሄድ፣ ለአንድ ሰው ሲካፈል ከጢሳሙ ታክሲ በብዙ እጥፍ ካርቦን እየለቀቀ ነው፣ አይናችን ስለማያየው ብቻ ንጹህ ይመስለናል።

ለራሴ እንዳላዳላ አንድ ነገር መጨመር ነበረብኝ። ጠዋት ታክሲው ከኮዬ ሞልቶ ይወጣል፣ ሲመለስ ግን ባዶውን ወይ ሁለት ሶስት ሰው ይዞ ነው የሚመለሰው፣ ማታ ደሞ በተቃራኒው። ያ ባዶ ምልልስ በኔ ሂሳብ ላይ ነው መውደቅ ያለበት፣ ምክንያቱም እኔን ለማምጣት ነው የተመለሰው። ስለዚህ 560ው እጥፍ ሆኖ 1.1 ኪሎ ይሆናል። ዳር ከተማ የመኖር ዋጋ ይሄ ነው፣ መኖሪያው አንድ ቦታ ስራው ሌላ ቦታ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ሰአት ወደ አንድ አቅጣጫ። እዚሁ ኮዬ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ስራ ቢበዛ ኖሮ በእግር የምንደርስበት ስንት ነገር ነበር። እንዲያም ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፣ ይሄን ስንቶቻችን እናውቃለን? በእግሩ የሚሄደውን ሰው የሚቆጥረው የለም፣ የእግረኛ መንገድ ሲሰራም መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው።

የእንግሊዝ መንግስት በየአመቱ የትራንስፖርት ልቀት ቁጥር ያወጣል፣ እሱንም አየሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ላይ አንድ ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር ሲሰላ አማካይ የቤንዚን መኪና 170 ግራም ገደማ፣ ባቡር 35፣ ረጅም ርቀት ባስ 27፣ የአገር ውስጥ በረራ ወደ 246። እስከዚህ የሚጠበቅ ነው። የከተማ አውቶቡሳቸው ግን 100 ግራም ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ የኛ በኔ ስሌት 14 ግራም ሆኖ! አውቶቡሳቸው ከኛ የባሰ ሆኖ አይደለም፣ እንደውም አዲስና ቆንጆ ነው፣ ወንበሩ ብዙ ጊዜ ባዶ ስለሆነ ነው። ያኔ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ፣ ከመኪናው አይነት በፊት የሚጠየቀው ስንት ሰው አለበት የሚለው ነው። ክርን ለክርን ተጣብቀን የምንሄድበት ያ ታክሲ፣ እኛ የምናማርርበት፣ በዚህ ሚዛን ከብዙ ሀብታም አገር ትራንስፖርት የተሻለ ነው።

ከዛ የኤሌክትሪኩ ነገር አለ። የኛ አገር ኤሌክትሪክ ከ90 ፐርሰንት በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ቀሪውም ባብዛኛው ከነፋስ፣ አዳማ ስትሄዱ ተራራው ላይ የምታዩዋቸው ነጫጭ ተርባይኖች ማለት ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ደሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ህዳሴ ግድብ ተመርቋል። ስለዚህ መስከረም 2008 ከቃሊቲ ስራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለአንድ ሰው የሚለቀው ካርቦን ከቁጥር የሚገባ አይደለም ማለት ይቻላል። ደቡብ አፍሪካ ላይ እንደዚህ ማለት አይቻልም፣ የነሱ መብራት በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል ነው፣ ያው ባቡር እዛ ሲሄድ ከሰል እየተቃጠለ ነው የሚሄደው።

ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፣ ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ አሁን ሰፈሩ ውስጥ እየበዙ ነው። እሱን ስሰራ ትንሽ ተጨናነቅኩ። መንገድ ላይ ሲሄድ በኛ መብራት የሚለቀው ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ባትሪው ሲመረት ግን፣ ብዙው ቻይና ውስጥ ከከሰል በሚመጣ መብራት ስለሚሰራ፣ መኪናው ገና ሳይነዳ ቶኖች ይዞ ነው የሚወጣው። እንደ ሂሳብ ሰው ሳየው የመነሻ እዳ ነው። እዳውን 5 ቶን ብለን ብንይዝና ከኛ ቪትዝ ጋር ብናወዳድረው (ቪትዟ በኪሎ ሜትር 190 ግራም ገደማ ትለቃለች) 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ እዳውን ይጨርሳል፣ ከኮዬ እየተመላለሰ ለሚሰራ ሰው ከሁለት አመት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ጥሩ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ግን አንድ ሰው ይዞ ሳሪስ ላይ ሲቆም የሚይዘው ቦታ እንደ ማንኛውም መኪና ነው፣ ከኋላው ያለውን 80 ሰው የጫነ አውቶቡስ ያቆመዋል፣ ያ አውቶቡስ ደሞ ቆሞም ናፍጣ ያቃጥላል። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ብር ኤሌክትሪክ አውቶቡስ ላይ ነው መዋል ያለበት።

ወደ ድሬው ልመለስ። በመንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጋሼ ባስ 45 ሰው ጭኖ ለ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ቢያቃጥል፣ 150 ሊትር ናፍጣ፣ ወደ 400 ኪሎ ካርቦን፣ ለአንድ ሰው 9 ኪሎ ነው። 9 ኪሎ ብቻ! ሌሊት 11 ሰአት ተነስተው ጉልበታቸውን አጣጥፈው ቁጭ የሚሉት ጋሼ ነዳጅ ከሚያቃጥለው መሀል ከሁሉም ያነሰውን የሚያቃጥሉት ናቸው። የኛ ቪትዝ ረጅም መንገድ ላይ በሊትር 15 ብትሄድ 77 ኪሎ፣ አራት ሆነን ብንሄድ ለአንዳችን 19 ኪሎ። ፕሌኑ በአየር መስመር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበረው፣ አጭር ነው፣ ግን ለመነሳትና ከፍታውን ለመያዝ የሚያቃጥለው ብዙ ነው፣ ባለ 78 ወንበሩ ኪው 400 ሞልቶ ቢሄድ ለአንድ ሰው ወደ 50 ኪሎ ይሆናል፣ በኔ ስሌት ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር፣ ባለቤቴ ብቻውን በቪትዝ ቢሄድ ከፕሌኑ ይብስ ነበር፣ 77 ለ50። ፕሌን ሁሌም ከሁሉ ይከፋል የሚለው ነገር እንግዲህ እንደዛ ቀጥ ያለ አይደለም።

ባቡሩ ደሞ፣ ያው መስመሩ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ነው የሚሰራው፣ መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው ከጅቡቲ ጋር የሚያገናኘን ማለት ነው፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው። በዚህ ሚዛን የሚወዳደረው የለም። ችግሩ ሌላ ነው፣ በየቀኑ አይወጣም፣ ጣቢያው ለቡ ነው፣ ከኮዬ ለቡ መድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው፣ ድሬ ላይም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ለካርቦኑ የሚሻለው ለሰው እንዲመች ካልተደረገ ሰው ወደ መኪናው ነው የሚሄደው፣ በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም።

የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን የመጣችበትን በረራ ለብቻው ነው የሰራሁት፣ ስሰራውም ከበደኝ። አንዱ ጉዞ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ረጅም በረራ ለኪሎ ሜትር ሲካፈል ከአጭሩ ይሻላል፣ ግን ርቀቱ ርቀት ነው፣ ደርሶ መልስ ወደ 2 ቶን ይመጣል፣ ቢዝነስ ክላስ ከሆነ ወንበሩ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ከሁለት እጥፍ በላይ። እኔ በታክሲ አመቱን ሙሉ ስራ ስመላለስ፣ 280 ቀን ብለን፣ ባዶ ምልልሱን ሳንቆጥር 310 ኪሎ ገደማ ነው። የሷ አንድ ጉዞ የኔ ስድስት አመት ማለት ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በአመት ከነዳጅና ከመሳሰለው የሚለቀው ደሞ ከ0.2 ቶን በታች ነው፣ በዚህ ከሄድን አስር አመት።

ይሄን ልንገራት ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ደብተሩን አሳየኋት። አነበበችው፣ ዝም አለች፣ ከዛ «እና አልምጣ?» አለችኝ፣ አይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እቅፍ አደረግኳት። እናቷ 81 አመታቸው ነው፣ ሶስት አመት አላየቻቸውም፣ ይሄን የመሰለ ጉዞ የሚያስቀር ሂሳብ እኔ አልሰራም። እኔ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፣ ለሁለት ቀን ስብሰባ አህጉር የሚያቋርጠው ጉዞ፣ በቪዲዮ ሊያልቅ የሚችለው። እሷም ብትሆን ቢያንስ ታክሲያችንን እንደ ጥፋተኛ እንዳታየው ነው የፈለግኩት።

ምክንያቱም ጠዋት 12 ሰአት ላይ ኮዬ ያለውን ሰልፍ አይታችሁ ከሆነ፣ ነርሷ አለች፣ ልጅ ያዘለች አለች፣ ሲሚንቶ የነካው ልብስ የለበሰ የቀን ሰራተኛ አለ፣ ተራ አስከባሪው እየጮኸ፣ ዝናብ ሲሆን ደሞ ጭቃው። እነዚህ ሰዎች ናቸው በዚህ ከተማ አየሩን ከሁሉም ያነሰ የሚጎዱት፣ እነሱ ናቸው ደሞ ከሁሉም በላይ የሚቆሙት፣ ብቻውን መኪናው ውስጥ የተቀመጠው ጭሱን መስኮት ዘግቶ ሲያልፈው ሰልፉ ላይ ያለው ነው የሚስበው። ሰው ትንሽ ገንዘብ ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ የሚያስበው ከዛ ሰልፍ መውጣት ነው፣ እኛም ቪትዟን የገዛነው ለዛ ነው። ሰልፉ ካልተስተካከለ፣ አውቶቡሱ በሰአቱ ካልመጣ፣ ያ 560 ግራም የነበረው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ 3.8 ኪሎ ይሆናል። አሁን ጥሩ የሆነው ድህነት ስለያዘን ነው፣ ይሄ ደሞ ሊኮራበት የሚገባ ነገር አይደለም። ምቹ ሆኖ ብዙ ሰው የሚጭን ነገር ያስፈልገናል፣ አሁን፣ ሰዉ መኪና ገዝቶ ሳይጨርስ።

ሰርጉን በተመለከተ፣ ጋሼ በባሳቸው ሄዱ፣ የአክስቴ ልጅ በረረች፣ ቪትዟ ቤት ቆመች፣ እኔ ባለቤቴና ልጆቹ እማዬን ይዘን ከለቡ ባቡር ተሳፈርን። እማዬ በአሮጌው ባቡር ነበር ሙሽራ ሆና ከድሬ ለገሃር የመጣችው፣ እሱን ባቡር ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. በ1902 ነው ድሬ ያደረሱት፣ ከተማዋም በሱ ዙሪያ ነው የተቆረቆረችው። መተሀራ ጋ በሰቃ ሀይቅን ስናልፍ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ይሄ ውሃ ያኔ እንደዚህ ሰፊ አልነበረም» እያለች ታሳየዋለች፣ እኔ ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ረሳሁት።

ከተመለስን በኋላ ባለቤቴ 960 የሚለውን ቁጥር አይቶ ከብሎካችን ሁለት ሰው ጨምሮ መሄድ ጀምሯል፣ አንዷ ቦሌ ነው የምትሰራው፣ አንዱ ስታዲየም ጋ፣ ነዳጁን ይካፈሉታል። እኔ ስራዬ የሚገባው ዘግይቶ ስለሆነ በታክሲ ነኝ አሁንም። ስለዚህ አንድ ቦታ ባዶ አለ። ኮዬ ያላችሁ እና ወደ መስቀል አደባባይ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከሰኞ እስከ አርብ ጠዋት 12 ሰአት ከሩብ ላይ ይነሳሉ፣ ሰልፉ ጋ ስታዩት እጃችሁን አንሱለት፣ ሰማያዊ ቪትዝ ናት።